በእናቱ እጅ የተሠራ ሹሩባ

የእድራችን ዳኛ ጆሮውን የሚኮረኩረው በቁልፍ ጫፍ ነው። ያወጣውን አየት ያደርግና የድንኳን ገመድ ላይ ይጠርገዋል፤ ገመዱን የሚፈቱት ሌሎች ናቸው። የቀኝ እጁን የትንሿን ጣት ጥፍር አሳድጎ ይሞርዳል። ጢሙን ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ሙቀት ሲሆን ቀለሙ ከላቡ ጋር ወደ ከንፈሩ ይወርዳል፣ እሱም በምላሱ ይልሰዋል። ስለዚህ ጥፍርና ስለዚህ ጢም አቃቂ ውስጥ ክፉ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ስጽፍ ግን አንቱታው ከእጄ አልወጣ አለኝ።

ይህን የማነሳው ስለ ሰውየው ንጽሕና ለማውራት ብዬ አይደለም። በጎረቤቴ ራስ ላይ የፈረደው እሱ ስለሆነ ነው።

ጎረቤቴ ከእናቱ ጋር፣ እኔ ደግሞ ብቻዬን፣ አንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ግድግዳ ተለይተን ነበር የምንኖረው። እናቱ ሹሩባ ሠሪ ነበሩ። ከፋብሪካ የሚወጡ ሴቶች፣ ሰርግ የደረሰባቸው ልጃገረዶች፣ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ባሎቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሚስቶች ሳይቀሩ እሳቸው ጉልበት ሥር ተቀምጠው ይሠሩ ነበር። ልጁ ደግሞ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእናቱ ማሳያ ነበር። አዲስ አሠራር ሲያስቡ መጀመሪያ የሚሞክሩት በእሱ ራስ ላይ ነው። ደንበኛ ስትመጣ «ና፣ ዙርላት» ይሉታል፤ ይዞራል፤ ሴትየዋ ከፊትም ከኋላም አይታ የምትፈልገውን ትመርጣለች። ያኔ ሁሉም ይስቁ፣ ጉንጩን እየቆነጠጡ ከረሜላ ይሰጡት ነበር አሉ። ጢም ሲያወጣ ከረሜላው ቀረ።

እሱ ግን ሹሩባውን አልተወም። ልብስ ስፌት ተምሮ ቃሊቲ አንድ ሱቅ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ መስፋት ጀመረ። የራሱን ሸሚዞች አንገታቸውን በጥልፍ ይዘጋቸዋል፤ አንዳንዱ አበባ፣ አንዳንዱ ወፍ። ግራ ጆሮው ላይ ትንሽ ጉትቻ ያደርጋል። ጎረቤት ስለሆንኩ ሰው «ምን ፈልጎ ነው?» እያለ የሚጠይቀው እኔን ነበር። አንድ ቀን ሰለቸኝና እሱኑ ጠየቅኩት።

«ያምርብኛል እኮ እትዬ» አለኝ። «አያምርብኝም?»

ያምርበት ነበር። ሌላ መልስ አልነበረውም፤ እኔም ሌላ መልስ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

አንድ ጊዜ አብረን ታክሲ ስንሳፈር ረዳቱ «እህት፣ ወደ ውስጥ ጠጋ በይ» አለው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ጠጋ አለና «ጠጋ አልኩ፤ አሁን በሩን ዝጋልኝ፣ ነፋሱ ጸጉሬን ያበላሸዋል» አለ። እንደገና ተሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። እኔ ፋብሪካ በምሠራበት ዘመን ቱታ ለብሼ ከባድ ጥቅል ሳነሳ አለቆቼ «ይቺ ወንድ ናት» ይሉኝ ነበር፤ ሙገሳ መሆኑ ነው። እሱን «ሴት» ሲሉት ደግሞ ስድብ ነው። ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ከየትኛውም ወገን ብይዘው ስድቡ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ስለ ራሴ ይህን ልበል። ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፤ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ የማታ ክፍል ገባሁ። አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ተማሪዋ» ይለኛል፤ ሊያከብረኝ ብሎ አይደለም።

እማማ የልጃቸውን ጸጉር ለመጨረሻ ጊዜ ሲሠሩ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ መጽሐፍ እያነበብኩ ነበር። የጣቶቻቸው አንጓዎች አብጠው ደንበኛ መቀበል ካቆሙ ቆይተዋል። ለእሱ ግን ይሠራሉ። ትንሽ ይጎነጉኑና እጃቸውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ያወጣሉ፤ በወስፌ መስመር ይከፍላሉ፤ ደግሞ ይጎነጉናሉ። ቅዳሜ ጀምረው እሑድ ጨረሱ። ሲጨርሱ ከግራ ጆሮው ኋላ አንዱ መስመር ተጣሞባቸዋል።

«ልፍታው» አሉ።

«ተይው እማ። ማን ያየዋል?»

«እኔ አየዋለሁ።»

«አንቺማ ልብስ ስሰፋም ክር ታያለሽ። ተይው አልኩሽ፣ እጅሽን አሳርፊ።»

ተዉት። በዚያው ሳምንት ተኝተው ሳይነሱ ቀሩ።

ጠዋት የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚዎቹ መጡ። እስከዚህ ድረስ በእድሩ ላይ የማነሳው ነቀፌታ የለም። አስከሬኑ ተገንዞ፣ ሳጥኑ ግቢው መሃል ወጥቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ለፍታት መነሳት ብቻ ሲቀር ነው ዳኛው ልጁን ያስጠራው። ሴቶቹ ከሳጥኑ ዙሪያ ነበርን፤ የሚሉት ሁሉ ይሰማል።

«ስማ» አለው ዳኛው። «እናትህ የተከበሩ ሰው ነበሩ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ እሳቸውን ተከትለህ በዚህ ራስ አትሄድም። ሐዘንተኛ ይላጫል። ያለ ወግ ነው።»

ወጉ ነበረ፣ አልክድም። ድሮ ለቅርብ ሰው ሐዘን የሚላጭ ይላጭ ነበር። እኛ ሰፈር ግን ተላጭቶ ድንኳን የተቀመጠ ሰው ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ዳኛው ራሱ ሚስቱ ስትሞት ጢሙን ቀለም ተቀብቶ ነው የተቀመጠው። የልጁን ራስ መንካት ሲመኝ ከርሞ፣ የሚነካበት ሰበብ ሐዘን ውስጥ አገኘ። ያንገሸገሸኝ ይሄ ነው። ጥላቻውን እንደ ጥላቻ ቢያወጣው ኖሮ ቢያንስ ስሙን እናውቀው ነበር።

ልጁ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እጁን ራሱ ላይ አደረገ።

«እሷ ናት የሠራችው» አለ። «ያለፈው ቅዳሜና እሑድ። የመጨረሻ የእጇ ሥራ ነው፣ ጋሼ። በዚህ ልቅበራት። እስከ ሰልስት ብቻ ተዉልኝ፤ ከሰልስት በኋላ ራሴ እላጨዋለሁ።»

«እስከ ሰልስት እኛ ከአንተ ጋር ስንቆም ሰው ሊያየን ነው?» አለ ከዳኛው አጠገብ የተቀመጠ ባለ ጋቢ።

«ሹሩባ ከተሠራ ወንድ ጋር ቀብር!» አለ ሌላው። «እኛም ቀሚስ እንልበስ በለኛ።»

እኔ ሰው መሃል መናገር አልወድም። ድንኳኑ አፍ ላይ ግን የዳኛው የወንድም ልጅ ባጃጅ ቆሟል፤ የኋላ መስታወቱን ሙሉ የሸፈነው ሹሩባ የተሠራ የድሮ ንጉሥ ሥዕል ነው፤ በየባጃጁ የምናየው። ዝም ማለት አቃተኝ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ባጃጁ ላይ ያለው ሰው ምንድን ነው የተሠራው?»

ዳኛው ዞሮ አየና «እሱ ንጉሥ ነው፣ ተማሪዋ» አለኝ።

«ይሄ ታዲያ የማን ንጉሥ ነው?» አለ ባለ ጋቢው።

ሳቁ። ሬሳ ባለበት ግቢ፣ ሟቿ ሰምተው የማይመልሱበት ቦታ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ከሳቁት መካከል ሚስቶቻቸውን ለሰርግ እማማ ያሳመሩላቸው ነበሩ።

ዳኛው ጥፍሩን እያየ «እንግዲህ ሳጥኑን የሚያነሳ የለም» አለ። ከዚያ ከአግዳሚው አልተነሱም። ቆሎ ይቆረጣጥማሉ። አንዱ ስለ መንገድ ሥራው ያወራል። ፀሐይዋ የግቢውን ግድግዳ አልፋ ሳጥኑ ላይ ደረሰች። ሴቶቹ ነጠላ ዘርግተን ለማጥላት ሞከርን፤ ሳጥኑ ግን ረጅም ነው፣ ጥላው አልበቃም። ልጁ አንዴ እኛን፣ አንዴ እነሱን ያያል። አራት ሰው ቢያገኝ ይሸከም ነበር። እግሩን ያነሳ አንድም ወንድ አልነበረም፤ ነገ የእነሱንም ሳጥን የሚያነሳው ይኸው እድር ነው።

«እሷን ፀሐይ ላይ አታቁሙብኝ» አለ በመጨረሻ፣ እና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

መብራት ጠፍቶ ስለነበር የጸጉር ማሽን አልሠራም። ባለ ጋቢው የእማማ ቤት ገብቶ መቀስ ይዞ ወጣ። የልጁ የጨርቅ መቀስ ነበር። ልብስ ሰፊ በጨርቅ መቀሱ ወረቀት እንኳ አያስቆርጥም፤ ይደንዝበታል። ልጁ መቀሱን ሲያይ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በመቀስ ከረከሙት፤ የቀረውን በምላጭ። ወደ ግራ ጆሮው ሲደርሱ መዳፉን ከጆሮው ኋላ አደረገ። የዳኛው ያ ባለ ጥፍር እጅ መጣና መዳፉን ቀስ ብሎ፣ እንደ አባት ቀስ ብሎ፣ አነሳው።

ሹሩባው ቅቤ ስለነበረበት ከወደቀበት ለመጥረግ አልተመቸም። ከፊሉ ጫማቸው ሥር ተለጥፎ ሄደ።

ሲያልቅ አንዱ የተላጨውን ራስ መታ መታ አደረገና «አሁን ሰው መሰልክ፣ አይዞህ» አለው። ሁሉም ተነሱ። ፊታቸው ወዲያው የሐዘን ፊት ሆነ። ሳጥኑን ለመሸከም ተሻሙ፤ አዎ፣ ተሻሙ።

ቤተ ክርስቲያን ፍታቱ ተደርሶ መቃብሩ ጋ ስንቆም፣ ካህኑ የልጁን ራስ አዩ። ከምላጩ የተነሳ ሁለት ሦስት ቦታ ደምቷል። አዛውንት ናቸው፣ ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሆነውንም የሚያውቁበት መንገድ የለም።

«ልጄ፣ ምነው እንዲህ ሆንክ?» አሉት ሁሉ እየሰማ። «ለሞተ ሰው ብሎ ራስን መላጨት፣ ፊትን መንጨት ሃይማኖታችን አይደለም። ብዙ ጊዜ አስተምረናል። እናትህ ክርስቲያን ሆነው ነው የሄዱት፤ ተስፋ እንደሌለው ሰው አትሁን።»

ዳኛው ከፊት ቆሞ ነበር። ራሱን ነቀነቀ።

«እውነት ነው አባ» አለ። «እኛም ነግረነው ነበር። ሐዘኑ በዝቶበት ነው።»

ዞር ብዬ ሰዎቹን አየኋቸው። መቀስ የያዘውን አየሁት፤ ምላጭ የያዘውን አየሁት። አንዳቸውም አልደነገጡም። ባለ ጋቢው «እግዚአብሔር ያጽናው» አለ። ልጁ ጉድጓዱን እያየ ነበር፤ መስማቱንም አላውቅም። «ውሸት ነው» አልኩ። ድምፄ ያን ያህል አይደለም፤ አፈሩ ሳጥኑ ላይ መውደቅ ጀምሮ ነበርና ከአጠገቤ ካለችው ሴት በቀር የሰማኝ ያለ አይመስለኝም። እሷም ክንዴን ያዘችኝ፣ «ተይ፣ ነገ አብረሽ ትኖሪያለሽ» አለችኝ።

ድንኳን ተመልሰን እጅ ከታጠብን በኋላ ምግብ ቀረበ። ዳኛው ከጎኑ አስቀመጠው። «ብላ እንጂ፣ አንተ ልጅ፣ ለእሷ ብለህ» እያለ ጠቀለለና በዚያው እጁ አጎረሰው። ልጁ ተቀበለ። ዋጠ። ሁሉም «እሰይ» አሉ። እኔ ሳህኔን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ጸጉር ቶሎ አያድግም። ለመያዝ ሲበቃ የሴቶች ጸጉር ቤት ሄዶ ነበር፤ «ወንድ አንሠራም» አሉት። የእናቱን ሙያ የሚያውቁ ሁለት ሴቶችም እንዲሁ መለሱት፤ አንዷ «እኔስ በወደድኩ፣ ባሌ» አለችው። የራሱን ማጅራት ራሱ መጎንጎን ደግሞ አልቻለም። አንድ እሑድ ሚዶውን፣ ወስፌውንና ትንሽ ቅቤ በብርጭቆ ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«እኔ አልችልም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ የራሴን ጸጉር እንኳ አስሬ ነው የምውለው።

«እነግርሻለሁ እትዬ። አንቺ ነገር ሳታስተካክይ አትተኚም፣ ትለምጂዋለሽ።»

ቤቴ ጨለማ ነው። የግቢው በር ጋ፣ ብርሃን ባለበት፣ መንገድ ላይ ያለው ደረጃ ላይ ተቀመጥን። ከፈልኩ፣ ጠመመብኝ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ከፈልኩ። «አጥብቂው፣ አይመኝም» ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ «ኧረ አመመኝ» ይላል። የሚያልፈው ሰው ያያል። አንዱ ተፋ። አንዲት ሴትዮ «በሰንበት ደግሞ» እያለች ሄደች።

ዳኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መጣ፣ ነጠላውን እንዳደገደገ። ቆመ። ልጁን አየው፣ ሹሩባውን አየው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «እንዴት ዋልሽ፣ ተማሪዋ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«እጄ ቅቤ ነው» አልኩት።

እጁን አልሰበሰበም። እጁ የተያዘ ሰው በእኛ ወግ የእጁን አንጓ ይሰጣል፤ እሱን ነው የሚጠብቀው። ጥቂት ቆየ። አንጓዬን አልሰጠሁትም። ወስፌውን አነሳሁና ቀጣዩን መስመር ከፈልኩ።