የጋሽ ሀብተ ማርያም ጃንጥላ

ቦንጋ ውስጥ ሰው ሲሞት፣ እንዴት እንደሞተ የማያውቀው ሟቹ ብቻ ነው። የቀረው ሰው ሁሉ ያውቃል። የምሥራች ባሏን በቀበረች በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ነበር። ማልቀስ ሲገባት ንዴት አንቆ ይዟታል።

የምሥራች በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ማመልከቻና አቤቱታ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ባለጉዳይ ገብቶ መተረክ ሲጀምር እስክሪብቶዋን ታስቀምጥና "አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?" ትለዋለች። ሰምቻለሁ ካለ፣ ያየውን ሰው ይዞ እንዲመጣ ነግራ ታሰናብተዋለች። በዚህ ጠባይዋ ግማሹ ከተማ ክፉ ሴት ይላታል፤ እሱም ቢሆን ቁርጥ ያለ ጉዳይ ሲገጥመው ከእሷ ሌላ የሚሄድበት የለውም። ባሏ ሀብተ ማርያም ደግሞ ከዚያው ፍርድ ቤት በሬጅስትራርነት ጡረታ የወጣ፣ ከረባቱን ሳያስር ዳቦ ለመግዛት እንኳ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር።

የሆነው ይህ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሀብተ ማርያም ሺሺንዳ ከተማ የድሮ ባልደረባው ቀብር ነበረበት። ኮቱን ሲያስተኩስ፣ ከረባት ሲያማርጥ ሚኒባሱ አመለጠው። የምሥራች መንገድ ዳር አብራው ቆማ ስታጉረመርም ኑኃሚን በመሥሪያ ቤቷ ሞተር መጣች። ኑኃሚን ወጣት የከብት ሐኪም ናት፤ በዚያው መንገድ ከብት ልትከትብ እየሄደች ነበር። የምሥራች አስቆመቻትና ባሏን እንድታደርስላት ጠየቀቻት። ልጅቷ በመሥሪያ ቤት ሞተር ሰው መጫን እንደማይፈቀድ፣ ሁለተኛ ሄልሜት እንደሌላት፣ ሰማዩም እንደጠቆረ ነገረቻት። የምሥራች "ለእኔ ስትዪ" አለቻት። ልጅቷ አፈረችና እሺ አለች።

ወዲያው ካፊያ ጀመረ። ሀብተ ማርያም ሞተሩ ገና ከመንቀሳቀሱ፣ የተተኮሰው ኮቱ እንዳይርስበት ጃንጥላውን ዘረጋ። ሞተር ላይ ተቀምጦ ጃንጥላ ዘረጋ። የምሥራች እጠፈው ብላ ጮኸች። እሱ በሌላው እጁ ደህና ዋዪ አላትና ኩርባውን ታጠፉ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የምሥራች አላየችም። ኑኃሚን ለፖሊስ እንደተናገረችው፣ ቁልቁለቱ ላይ ነፋስ ጃንጥላውን ገለበጠው፤ እሱም አልለቅም ብሎ ሲታገል ሞተሩ አዘነበለና ወደቁ። የእሷ ክንድ ተሰበረ፣ እሱ እዚያው አረፈ። ጃንጥላውን ጎርፍ ወስዶታል። ስለዚህ ቃሏን የሚያምን ጠፋና ክንዷን በጀሶ ታስራ ጣቢያ ተቀመጠች።

ነገር ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ወሬውን የሚመልሰው አልተገኘም። መጀመሪያ ስልክ እያወራች ነበር ተባለ። ከሰዓት በኋላ ጠጥታ ነበር ሆነ፤ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ምን ጠጥታ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሲመሻሽ ደግሞ ሁለቱ ድሮም ነገር ነበራቸው አሉ። ስልሳ ሰባት ዓመት የደፈነውን፣ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ደግፎ የሚያቃስተውን ሀብተ ማርያምን ነው እንግዲህ። አንዱ በፌስቡክ የአደጋው ፎቶ ነው ብሎ ለጠፈ። የፎቶው ሞተር ቀይ ነው፣ የኑኃሚን አይደለም፤ መሬቱም ደረቅ አሸዋ። በዚህ ክረምት ቦንጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ከየት ይመጣል? ሰባት መቶ ሰው ግን ነፍስ ይማር ብሎበታል። ጎረቤቷ ሙሚና እንኳ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ስታስተናግድ የከረመችው ደግ ሴት፣ ጠጋ ብላ ሴት ልጅ መጀመሪያውኑ ሞተር ላይ ምን አወጣት አለቻት። የምሥራች ሙሚናን ስለምትወዳት ዝም አለች። ዝም ማለቷ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የተናደደችው በራሷ ነበር። ሦስት ቀን አፏን ዘግታለች። የጃንጥላውን ነገር ብታነሣ፣ ያ ሲገባ ሰው ሁሉ ይነሣለት የነበረ ሰው በየጠጅ ቤቱ መሳቂያ ሊሆን ነው። ዝም ካለች ደግሞ ልጅቷ በነፍሰ ገዳይነት ልትቀር ነው። ለምና ሞተሩ ላይ ያሳፈረችው እሷ ራሷ መሆኗንማ ለብቻዋም ሆና እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም።

በሥልስቱ ቀን የኑኃሚን አባት ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። እንደ ወጉ፣ ተቀመጡ እስኪባሉ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ተቀመጡ ያላቸው የለም። የሟች ታናሽ ወንድም ሰብሃት ከደካ ከተማ መጥቶ የለቅሶው አዛዥ ሆኖ ነበር። ካርታ የሚጫወቱትን ዝም አሰኘና፣ ሰክራ ወንድሙን የገደለችን ልጅ ይቅር የሚል ቤተሰብ እንደሌለ፣ ክሱም እንደሚቀጥል ተናገረ። ሰዉ እውነት ነው፣ እውነት ነው እያለ አጀበው። አባትየው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

የምሥራች ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች።

"ልጅቷ አልሰከረችም" አለች። "ባሌ ሞተር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ነበር፤ ሲዘረጋ በዓይኔ አይቻለሁ። አሳፍሪው ብዬ የለመንኳትም እኔ ነኝ። እሷማ አይሆንም ብላኝ ነበር።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሲታገል ተሰማ። ሰብሃት ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ ወንድሜን መሳቂያ አደረጉት" አላት።

"ይሳቁበት። እሱን ቀብሬዋለሁ፤ እሷን ግን በቁሟ አልቀብራትም።"

ሐዘንተኛ በሥልስቱ ከቤት አይወጣም ብለው ሊይዟት የተነሡ ሴቶች ነበሩ። ሙሚና ግን ጫማዋን አቀበለቻት።

ከሽማግሌዎቹ ጋር በገበያው በኩል ወደ ጣቢያ ስትወርድ ወሬው ቀድሟታል። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ለጎረቤቷ፣ የልጅቷ ዘመዶች ለሟቹ ሚስት መሬት እንደሰጧት እየነገረቻት ነበር። የምሥራች ቆም ብላ ልትመልስላት ቃጣት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለሚለቅም አገር ስንቱን ታስረዳለች? ትታት ሄደች።

ጣቢያ መርማሪው ቃሏን ሲጽፍ ቆየና፣ ሟቹ በማን ልመና እንደተሳፈረ የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አነሣ።

"እትዬ፣ ይሄ ከተጻፈ እኮ ለእርስዎም ጥሩ አይደለም።"

"ጻፈው" አለችው።

ስትወጣ ኑኃሚን ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበረች። ልትነሣ ስትል ጀሶው ከበዳትና መልሳ ተቀመጠች። የምሥራች ከፊቷ ቆመች።

"ወገቤን ያዙ ብያቸው ነበር፣ እትዬ" አለች ልጅቷ። "አፈሩ። የጃኬቴን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ብቻ ያዙ።"

የምሥራች ባሏን ያን ጊዜ አየችው። በሁለት ጣቱ፣ አንገቱን አቅንቶ፣ የሰው ልጅ እንዳይነካ ተጠንቅቆ። ሌላ ማን ይሆናል፤ ራሱ ሀብተ ማርያም ነው። ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠችና ሦስት ቀን እምቢ ያላትን ለቅሶ አለቀሰች።