ደም እያየች የምትወድቅ ደም ቀጂ

ዛሬ ጠዋት አንድ ግንድ የሚያህል ሰውዬ ደም ከምቀዳበት ወንበር ላይ ተንሸራቶ ወደቀ። መርፌውን ገና አላነሳሁም፤ ክንዱን በላስቲክ ሳስር ነው ፊቱ አመድ የመሰለው። ተለማማጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። መሬት ላይ አስተኝቼ እግሮቹን ከፍ አድርጌ ስይዝለት፣ በሃያ ዓመቴ ካምፓላ ውስጥ በጀርባዬ ተዘርሬ ያየኋቸው ጣሪያዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ።

ብዙ ጣሪያ አይቻለሁ። ያኔ የላቦራቶሪ ተማሪ ነበርኩ፤ ደም ሳይ ደግሞ እወድቅ ነበር። ታዲያ ምን ጥልቅ አደረገሽ ለሚለኝ መልስ አለኝ። ልጅ ሳለሁ እማዬ በትኩሳት ስትቃጠል ሁሉም ሰው የየራሱን ሲገምት፣ አንድ ባለሙያ ከጣቷ ባወጣት ጠብታ ውስጥ ወባውን አገኘው። ሌላው ገመተ፣ እሱ አየ። እኔም የሚያይ ሰው መሆን ፈለግኩ። ለማየት ግን መጀመሪያ መቆም ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የኮሮና መዘጋት አልፎ ትምህርት የተከፈተ ሰሞን ነው። የምንኖረው ካንሳንጋ የሚባል የካምፓላ ሰፈር ነበር፤ እማዬ እዚያ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። በልምምድ የመጀመሪያ ቀን የጓደኛዬን ክንድ እንደያዝኩ ወደቅኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከነመርፌው ትሪ ወደቅኩ። መምህራችን ማዳም ናካቶ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ የማያውቁ ሴት ነበሩ። በዚያው ለስላሳ ድምፅ፣ “የፈተናው ዕለት ከወደቅሽ ሌላ ትምህርት ትመርጫለሽ። መርፌ ይዘሽ በሽተኛ ላይ እንድትወድቂ አልፈቅድም” አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ሁለት ሳምንት ቀረኝ።

እማዬ በሽታዬን ወዲያው አወቀችው፤ ደም ማነስ ነው አለች። ከኦዊኖ ገበያ ቀይ ሥር በጆንያ አስመጣች። ጠዋት ጭማቂው፣ ቀን ሰላጣው፣ ማታ ከጉበት ጋር። ጎረቤቱም ተስማማ። በአራተኛው ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ሽንቴ ቀልቶ ሳየው፣ የቀይ ሥሩ ቀለም መሆኑን ከማሰቤ በፊት እዚያው ተዘረርኩ። እማዬ ክብሪት ጭራ ጢሱን አፍንጫዬ ሥር ያዘች፤ ሁለት አስተናጋጆች ወደ ምግብ ቤቱ አውጥተው ብብቴን ይዘው አቆሙኝ። ሲያቆሙኝ እንደገና ወደቅኩ።

“አስተኟት! ለምን ታቆሟታላችሁ?” የሚል ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ከእኛ በላይ ያለውን ቤት የተከራዩ የአውሮፕላን መካኒክ። በረራ ስለቀነሰ አብዛኛውን ቀን ምግብ ቤታችን ይውሉ ነበር። እግሮቼን ወንበር ላይ ሰቀሉልኝ። ሳይቆይ ጣሪያው ጥርት ብሎ ታየኝ።

“ደሟ አልቆ እኮ ነው” አለች እማዬ።

“ደሟ የትም አልሄደም፣ እግሯ ውስጥ ነው ያለው።”

ከዚያ የሒሳብ መጠየቂያ ወረቀት ገልብጠው በእስክሪብቶ ልብ ሣሉ፣ ከልብ የሚወጡ ቱቦዎች ሣሉ። “ልብ ፓምፕ ነው። ፓምፑ ደህና፣ ደሙም ሙሉ። አንቺ ስትደነግጪ ግን ፓምፑ ይዘገያል፣ የእግር ቱቦዎችም ይሰፋሉ። ግፊቱ ይወርዳል፤ ጭንቅላት ደግሞ ከላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚጎድልበት እሱ ነው። ስትወድቂ ከልብሽ ጋር እኩል ትሆኛለሽ፣ ደሙም ይደርስልሻል። መውደቅሽ መድኃኒትሽ ነው።”

ይህን ሁሉ በክፍል ተምሬው ነበር። ፈተናም ጽፌበት ጥሩ ውጤት አምጥቻለሁ። ስለ ራሴ አካል የተጻፈ መሆኑ ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

“ታዲያ ሳልወድቅ እንዴት ላድርሰው?” አልኳቸው።

ወጣት ሳሉ አየር ኃይል ውስጥ ሠርተዋል። “የጄት አብራሪ አውሮፕላኑን በኃይል ሲያዞር ደሙ ወደ እግሩ ይሸሻል፣ ዓይኑ ይጨልማል። ምን ያደርጋል መሰለሽ? ጭኑን፣ ባቱን፣ ሆዱን ጭምቅ! ጡንቻው ደም ሥሩን ይጫነዋል፤ ደም ሥር ውስጥ ያሉት ክዳኖች ወደ ታች አይመልሱትም፣ ያለው መንገድ ወደ ላይ ብቻ ነው። ፊትሽ እስኪሞቅ ጨምቀሽ ያዢ፣ ልቀቂ፣ ድገሚ።”

“እኔ ጄት አላበርም፣ ጋሽ ወርቁ።”

“አወዳደቃችሁ ግን አንድ ነው።”

እስከ ፈተናው የቀረኝን ቀን ሁሉ ሰለጠንኩ። እማዬ ጉበት ስታጥብ ከጎኗ ቆሜ እጨምቃለሁ፤ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሜ እጨምቃለሁ። የዝናብ ወቅት ነበር፤ በቀዩ ጭቃ መሀል ቆማ ፊቷ በርበሬ የሚመስል ልጅ ያዩ የቦዳ ሞተርሳይክል ነጂዎች ምን እንዳሉ እግዜር ይወቀው።

በፈተናው ዕለት ዝናቡ አባርቶ ከመስኮቱ ማዶ የኪቡሊ መስጊድ ታጥቦ ይታይ ነበር። የደረሱኝ በሽተኛ አንዲት ዝምተኛ አሮጊት ነበሩ። ክንዳቸውን አስሬ ደም ሥሩን በጣቴ ስዳስስ ጆሮዬ ጮኸ፣ ጀርባዬን ቀዝቃዛ ላብ አጠበው። ማዳም ናካቶ ሊይዙኝ እጃቸውን ዘርግተው ከኋላዬ ሲቆሙ በጎን አየኋቸው። ጭኔን፣ ባቴን፣ ሆዴን ጨመቅሁ። ለቀቅሁ። እንደገና ጨመቅሁ። ሙቀቱ በአንገቴ በኩል ሲወጣ ተሰማኝ፤ ፊቴ ጋለ፤ ክፍሉ በቦታው ቆመ። መርፌውን አስገባሁ።

ደሙ ወደ ቱቦው ገባ። ጠቆር ያለ ቀይ ነበር፤ ኦክስጅኑን አድርሶ ወደ ልብ የሚመለስ ደም እንደዚያ ነው። ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ ሦስተኛው ቱቦ ሙላት ዓይኔን ሳልነቅል አየሁት፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። ላስቲኩን ፈታሁ፣ ጥጥ ያዝኩላቸው፣ ዞርኩ። ማዳም ናካቶ እጃቸውን እንደዘረጉ ነበሩ። ባዶ እጃቸውን አዩት፣ ከዚያ በዚያው እጃቸው አጨበጨቡልኝ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መንገድ ላይ ሮሌክስ የሚሉትን የቂጣና የእንቁላል ጥቅል ሁለት ገዝቼ፣ እንቁላሉ ከቂጣው እየተንጠባጠበ ቦዳ ላይ ሆኜ ጨረስኩ። እማዬ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እስከ ዛሬም ድረስ ቀይ ሥሩ ነው ትላለች። ጋሽ ወርቁ ጨብጠውኝ ከት ብለው ሳቁ።

ፍርሃቱ ለቀቀሽ ወይ ይሉኛል። አልለቀቀኝም። ያኔ ጎበዝ ማለት የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እንደዚያ አላስብም። ዛሬም አንዳንድ ጠዋት ጆሮዬ ይጮሃል፣ በነጩ ጋዋን ሥር ጭኔን እጨምቃለሁ፣ የሚያይ የለም። ከስንት ሺህ ክንድ እንደቀዳሁ አልቆጠርኩም። አንዱም ላይ ግን አልወደቅሁም።