አክስቴ ፍሪጅ የገዛች ዓመት

በልጅነቴ በረዶ የማውቀው ክረምት ላይ የእንጅባራን ቆርቆሮ ሲደበድብ ብቻ ነበር። አክስቴ ብርቄ ፍሪጅ ከገዛች በኋላ ግን በበጋም ማየት ጀመርኩ፤ ያውም በልጇ በመዓዛ እጅ። መዓዛ እኩያዬ ናት፤ የእነሱንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ የባሕር ዛፍ አጥር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እየሮጠች ትገባና፣ በስኒ የረጋ በረዶ አፏ ውስጥ እያንከባለለች ትወጣለች። አንድ ጉንጯ አብጦ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ያርር ነበር። አንዳንዴ ታካፍለኛለች። ስትሰጠኝ ደግሞ ይብስብኛል፤ አመስግኜ መቀበል አለብኛ።

አባቴ፣ "በእንጅባራ ብርድ ፍሪጅ መግዛት አባይ ዳር ተቀምጦ ውኃ መግዛት ነው" እያለ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ለፋሲካ ሁለታችንም ከአንድ ቅርጫ ነበር የምንካፈለው። ከእኛ ድርሻ ጥቂቱ ለወጥ ይሆንና የቀረውን እናቴ ዘልዝላ፣ በጨውና በበርበሬ አሽታ ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። ልብሴ ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። የእነ መዓዛ ሥጋ ግን በትልልቁ እንደተቆረጠ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍሪጅ ይገባል። የእኛ ቋንጣ እንጨት በሆነበት ሰሞን ከእነሱ ቤት የጥብስ ሽታ አጥሩን አልፎ ይመጣና እናቴን በዓይኔ እወቅሳት ነበር። ታናሽ እህቷ ፍሪጅ ሲኖራት እሷ ለምን ገመድ ብቻ?

አክስቴ ሥጋውን ልትሠራው ስትል ጠዋት አውጥታ መስኮት ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። እናቴ ስታልፍ፣ "ብርቄ፣ ላዩ ሞቆ ውስጡ ገና ድንጋይ ነው። ዝንብ ሳይቀድምሽ አንሽው" ትላታለች።

"እትዬ ደግሞ፣ ፍሪጅ የገባ ነገር አይበላሽም" ትላለች አክስቴ።

እናቴ በቅናት የምትናገር እየመሰለኝ በእሷ አፍር ነበር።

አንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ አውሎ ነፋስ ምሰሶ ጥሎ መብራት ጠፋ። በማግስቱም አልመጣም። የአክስቴ ባል ለንግድ አዘና ሄዷል። አክስቴ ፍሪጁን እየከፈተች ማየት አበዛች፤ ከሥሩ ቀይ ውኃ ወለሉ ላይ መውረድ ሲጀምር ግን ሥጋውን በትልቅ ሳፋ ይዛ፣ መዓዛን አስከትላ እኛ ቤት መጣች።

"ማታ ይመጣል ይላሉ። ከመጣ መልሶ በረዶ ይሆናል። ልጠብቅ ይሆን?" አለች።

"አንዴ የለቀቀ ሥጋ መልሶ ቢረጋ ሽታውን ይደብቅልሻል እንጂ አይድንም" አለች እናቴ። "በይ አስቀምጪው።"

ውስጤን ደስ አለው። እነሱም ገመድ ሊያስፈልጋቸው ነው። እናቴ እያንዳንዱን ሙዳ በእጇ ዳሰሰች። ከላይ የነበረው ለብ ብሎ ተዝለግልጓል፤ እሱን ለየችና ጓሮ ቆፍራ ቀበረችው። አክስቴ እንባዋ መጣ። "ሥጋ ይተካል፤ ይህችን ልጅ ግን በምን ትተኪያታለሽ?" አለቻት እናቴ። ከመሃል የነበረው ገና በረዶ እንደያዘ ነው፤ እሱን መዘልዘል ጀመሩ። እህትማማቾቹ በአዊኛ እያወሩ ቆይተው ሳቁ።

ለመዓዛም ቢላዋ ተሰጣት። እናቴ ከኋላዋ ሆና እጇን ይዛ፣ ሥጋው ሳይበጠስ እንዴት እየዞረ እንደሚዘለዘል አሳየቻት። መዓዛ ረጅም ዝልዝል ስታወጣ፣ "ተባረኪ፤ እጅሽ የእናቴን እጅ ይመስላል" አለቻት። እኔን እንዲህ ብላኝ አታውቅም። የእኔ ሁልጊዜ ይበጠሳል። ደስታዬ እዚያው በነነ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ራት ሳልበላ ተኛሁ።

ዛሬ እዚሁ እንጅባራ የራሴ ቤት አለኝ፤ ፍሪጄም ከአክስቴ ፍሪጅ ይበልጣል። ሥጋውን ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ከፋፍዬ አስቀምጣለሁ። ልሠራው ስል ከዋዜማው ወደ ታችኛው መደርደሪያ አውርጄ ቀስ ብሎ እንዲለቅ እተወዋለሁ። ልጆቼ በረዶ ሲቆረጥሙ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም።

እናቴ ግን እኔ ጋ አይደለችም። ብርዱ ጉልበቷን ስለያዘው ወደ ሞቃቱ ጫግኒ ወርዳ፣ እዚያ ያገባችው መዓዛ ቤት ትኖራለች። በቅርቡ ከፋሲካ ማግስት ስደውል ስልኩን መዓዛ አነሳች።

"እማዬ እጇ ሥጋ ነክቷል" አለችኝ። "ፍሪጅ ልናስገባ እየከፋፈልን ነው።"

አክስቴ ካረፈች ወዲህ እናቴን "እማዬ" ነው የምትላት። ይገባኛል፤ ያሳዝነኛልም። ግን ከጀርባዋ እናቴ "ደህና ነኝ በያት" ስትል፣ ከዚያ ሁለቱ በሆነ ነገር ሲሳሳቁ ስሰማ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ያኔ የምቀናው በሌለን ነገር ነበር፤ አሁን የምቀናው በራሴ እናት ነው።

መዓዛ፣ "ለሚመጣው ፋሲካ አንቺም ነይና አብረን እንሠራለን" አለችኝ። እሄዳለሁ። ከእናቴ ጎን ማን እንደሚቀመጥ ግን ከአሁኑ እያሰብኩ ነው።