እናቷ የተሳፈሩ ዕለት

ረዳት አብራሪዋ እናቷን አውሮፕላን ለማሳፈር ያልለመነችው ልመና የለም። እናቷ "እኔ መሬት ላይ ሆኜም ራሴን ያዞረኛል" እያሉ እምቢ ሲሉ ኖረው፣ ዛሬ አንጀታቸው ራራና ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለገችው፤ እናቷን በገዛ እጇ ማሳረፍ። ሰፈሩ ሁሉ "አውሮፕላን የምታበረው" ይላታል፤ እሷ ግን ሬዲዮ ስትመልስ ነው የምትውለው።

ዕድሏ ሆኖ የደረሳት ካፒቴን "ቁልፌ" ነው። ባልደረቦቹ እንዲህ የሚሉት ቁልፍ መጫን ስለሚወድ ነው። አውሮፕላኑን በራሱ ለሚያበረው መሣሪያ፣ ለአውቶፓይለቱ፣ ይሰጥና እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ መሬት ሲቃረብ ደግሞ ራሱ ይቀበላል። መሪውን ለሷ መስጠት? ሞቶ ነው ቆሞ!

"ካፒቴን፣ ዛሬ እንኳ እኔ ላሳርፍ። እናቴ ተሳፍራለች።"

"ለእናትሽ ብዬ እኮ ነው እምቢ ያልኩሽ" አለና ሳቀ። ደሟ ፈላ።

መውረድ እንደጀመሩ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። አውቶፓይለቱ በራሱ ጊዜ ጠፍቷል። ካፒቴኑ መልሶ አበራው። ጠፋ። አበራው። አሁንስ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ታች ተደፋ፤ ከኋላ ተሳፋሪው ተንጫጫ።

"ኧረ ይተዉት፣ በፈጠረዎት!" አለች ልጅቱ።

"ቆይ አንዴ፣ ይሠራል..."

ሰውየው ምን ነክቶታል! እሱ ቁልፉን ሲነካካ እሷ መሪውን ጨበጠች። "እኔ ይዣለሁ!" ብላ ቀና አደረገችው። የጎን ነፋስ ክንፉን እያነሳ ሲጥለው፣ እሷም እየታገለች ስትመልሰው፣ ካፒቴኑ እንዳፈረ ሰው አንገቱን ደፍቶ ከፍታውን ያነብላት ጀመር። ጎማዎቹ መሬቱን ዷ! አደረጉት፤ አውሮፕላኑ ነጠረ፣ እንደገና መሬት ያዘ፣ ቆመ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

እናቷ ቦርሳቸውን አቅፈው፣ ሁለቱ አብራሪዎች ተሳፋሪ ወደሚሸኙበት በር መጡ። "ምን ዓይነት አነዳድ ነው ይሄ! ወገቤን ቆረጠው እኮ። ማነው እንዲህ ያነጠረን? የኔ ልጅ ይዛው ቢሆን ኖሮ..."

ልጅቱ አፏን ሳትከፍት ካፒቴኑ ቀደማት። "እኔ ነኝ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ውለታ መመለሱ መሆኑ ነው። አቤት ውለታ!

"አይደለም!" አለች ልጅቱ፣ እጇን አንስታ። "እኔ ነኝ እማዬ! በዚህ በእጄ ነው ያሳረፍኩሽ!"

እናቷ አንዴ ካፒቴኑን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ጠጋ ብለው ጉንጯን ዳሰሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እሺ የኔ ልጅ፣ ለአለቃ መሸፈን ደግ ነው። እኔን እናትሽን ግን አትሸውጂኝም።"