ከነጎድጓድ ባንድ ምርጦች አስራ ሁለተኛው

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሰው ፊት የቆመ ከእኔ በፊት ማንም አልነበረም። ነበር የሚል ካለ ስሙን ይጥራልኝ። መምህር አልነበረኝም፤ ሬዲዮ ላይ ጆሮዬን ደቅኜ፣ ጣቶቼ እስኪደሙ ድረስ ራሴን በራሴ አስተማርሁ። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ፈትቼ የምገጥም፣ የባንዳችንን ዜማ ከግማሽ በላይ የሠራሁ፣ ሰውም ቶሎ የማላምን ነኝ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩብኝ አሉ። እኔ ግን ከእውቀቶቼ አንዱ አድርጌ ነው የማየው።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ውስጥ የራሴ ጊታር ጮኸ።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አልሁት ነጂውን።

«የነጎድጓድ ባንድ ምርጦች ነው አባባ። አስራ ሁለቱም ፍላሽ ላይ አሉኝ።»

«ጊታሩን ማን እንደሚመታው ታውቃለህ?»

«እኔንጃ፣ የድሮ ሰዎች ናቸው። በሕይወት ያሉም አይመስለኝ።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድሁ። ከካሴት ወደ ፍላሽ ማን ገለበጠው? ማንን አስፈቅዶ? አስራ ሁለተኛው ዘፈን የእኔው ነው ወይስ በሌላ ተክተውታል? ቤቴ ገብቼም ጥርጣሬው አልለቀቀኝም። ያ ዘፈን አንድ ጊዜ ከእጄ ሊወጣ ለጥቂት የተረፈ ነውና።

ነጎድጓድ ሮክ የሚጫወት ባንድ ነበር። ሦስት ወጣቶች ነበርን። እኔ ጊታር፣ እንዳላማው ድምፅና ባስ፣ ይሁኔ ድራም። እንዳላማው የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ ድምፁን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። ይሁኔ ቀን ቀን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ጋሽ ተካ አንድ ቀን ጠሩንና ከተመሠረትንበት ጊዜ ጀምሮ ያሉንን ምርጥ ምርጥ ዘፈኖች በአንድ ካሴት ሊያወጡልን እንደሚፈልጉ ነገሩን። አስራ አንዱን ተጨቃጭቀን መረጥን። አስራ ሁለተኛው አዲስ ይሁን ተባለ፤ የእኔ ሆነ።

የዘፈኑን መግቢያ ያገኘሁት ጢስ ዓባይ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ጭቃው ጫማዬን እየያዘ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥሁ ስሄድ ፏፏቴው ገና ሳይታይ ጉርምርምታው ከእግሬ ወደ ጣቶቼ ወጣ። በስድስት ክር ፏፏቴ ያወረደ ሌላ ሰው አላውቅም።

የምንለማመደው ሐይቁ ዳር፣ ባዶ የዓሣ መጋዘን ውስጥ ነበር። ጎረቤት በጩኸታችን ስለተማረረ ስፒከሮቹን ወደ ውሃው አዞርናቸው። ሐሳቡ የእኔ ነበር።

ከመስቀል በኋላ ጋሽ ተካ አስጠሩኝ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«አንተ ልጅ፣ አዲስ ነው ያልኸኝን ዘፈን ትናንት የሆቴሉ ባንድ ሲጫወተው ሰማሁ።»

«ሰርቀውኝ ነው ጋሽ ተካ!»

«እነሱም ስለ አንተ እንዲያ ቢሉኝስ? የሰው ዜማ ካሴቴ ላይ አላስገባም። እስከ እሑድ አጣርተህ ንገረኝ፤ አለዚያ በአስራ አንድ አወጣዋለሁ።»

ሆቴሉ ከመጋዘናችን፣ ሐይቁ ወደ ውስጥ ገባ ከሚልባት ኩርባ ማዶ ነው፤ በመንገድ ዞሮ ለሚሄድ ሩቅ ነው። እንግዲህ ከመካከላችን አንዱ ዜማዬን ወስዶ ሸጦታል አልሁ። እንዳላማው ሰሞኑን ፀጉሩ ረጥቦ፣ የሆቴል ሳሙና እየሸተተ ይመጣ ነበር።

«የት ነበርህ?»

«ወንዛዬ፣ ፍል ውሃ። ወገቤን አሞኝ።»

«ለወገብህ ብለህ ፀጉርህን ታጠብህ?»

«አንተ ደግሞ መርማሪ ሆነሃል!» ብሎ ሳቀ። ሲጠየቅ የሚስቅ ሰው ይበልጥ ያጠራጥረኛል። ይሁኔም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም፤ ደመወዝ ሳይወጣ አዲስ ጫማ አድርጎ መጥቷል።

ወጥመድ አበጀሁ። የመግቢያውን ማብቂያ ለእንዳላማው አንድ ዓይነት፣ ለይሁኔ ሌላ ዓይነት አድርጌ ለየብቻቸው አፏጨሁላቸው። «እንዲህ ቀይሬዋለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር» አልኋቸው። ሆቴሉ ውስጥ የሚሰማው ማብቂያ ሌባውን ይነግረኛል። በዚያው ቀን ልምምድ ላይ አንዱ ክር መሃል ላይ «ጧ!» ብሎ ተበጠሰብኝ። ትንሽ ዝም ብዬ በቀሩት አምስቱ ቀጠልሁ።

ቅዳሜ ሆቴሉ ገብቼ ቆሮሶ ጥብስ አዘዝሁ። ሎሚ ጨምቄበት፣ የዓሣውን አጥንት እየለቀምሁ ጆሮዬን ቀሰርሁ። ጊታሪስታቸው ሰሎሞን ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው። መግቢያዬን ጀመረ። መሃል ላይ ሲደርስ ክሩን «ጧ!» አደረገና ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ። አጥንቱ ጉሮሮዬ ውስጥ ሊቀር ነበር። የክሬን መበጠስ እንኳ አልተወልኝም! ማብቂያው ግን የእንዳላማውም የይሁኔም አልነበረም፤ ልምምድ ላይ የምመታው የድሮው ነበር።

ሲጨርስ ክንዱን ያዝሁት። «ወንድሜ፣ ይህችን ‹ጧ› ማን ሰጠህ?»

«ታምራለች አይደል?» አለኝ ደስ ብሎት። «ወደ ማታ ጀልባ መቆሚያው ላይ ቁጭ ስል ከውሃው ማዶ ትመጣለች። የሰው ሬዲዮ ነው የመሰለኝ። የውጭ ሙዚቃ ነው ብዬ ቀስ በቀስ ለቀምኩት።»

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። «የውጭ» የምትለው ቃል ግን አፌን ዘጋችው፤ ሙገሳ ናትና።

ለእንዳላማው ስነግረው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። «አይ አንተ! ደቅ ላይ እኮ ሰው ማማት የፈለገ ከውሃው ዳር ርቆ ወደ ደሴቱ መሃል ነው የሚገባ። ነፋሱ ሲተኛ ውሃው የተናገርኸውን ሁሉ ማዶ ያደርሰዋል።»

«ታዲያ ስፒከሩን ሳዞር ለምን ዝም አልህ?»

«ሰሚ እየፈለግህ መስሎኝ!»

«ሳሙናውስ?»

«የሆቴሉ ልብስ አጣቢ አክስቴ ናት፤ ሙቅ ውሃ ትከፍትልኛለች። ለአንተ ብነግርህ በማግስቱ ፎጣህን ይዘህ ትከተለኛለህ።»

እሑድ ወደ ማምሻው ጋሽ ተካን ከሰሎሞን ጋር የሆቴሉ ጀልባ መቆሚያ ላይ አስቀመጥኋቸው። እኔ ወደ መጋዘኑ ዞሬ፣ ከሁለቱ ጓደኞቼ ጋር፣ ከእኛ ሌላ ማንም ሰምቶት የማያውቀውን የዘፈኑን ሁለተኛ ክፍል ለቀቅሁት። ስመለስ ሰሎሞን ራሱን ይዞ ነበር። «የእሱ ነው ጋሼ፤ ይቅርታ፣ እኔ ሬዲዮ መስሎኝ ነው» አላቸው። ጋሽ ተካ ደግሞ «ድራሙ ደከም ብሏል» አሉ፤ «ጊታሩን ግን እዚሁ ከጎኔ ተቀምጠህ የምትመታው ነው የመሰለኝ።» ዘፈኑ ገባ።

ትናንት ያን የባጃጅ ነጂ ፈልጌ ፍላሹን አስገልብጬ አስራ ሁለቱንም በተርታ ሰማሁ። ማን እንደገለበጠው አሁንም አላወቅሁም፤ ስለዚህ አላመንሁትም። ዘፈኑ ግን አልተነካም። ጥርጣሬ ሰውን ያደክማል ይሉኛል። ያን ጊዜ ባልጠረጠር ኖሮ ሆቴሉ አልገባም ነበር፤ ባልገባ ኖሮ ያ ፏፏቴ ዛሬ በሌላ ሰው ስም ይወርድ ነበር። ደግሞም ይሁኔ ያን ጫማ በምን እንደገዛው እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

እንግዲህ ያደረግሁትን ልናገር። ያለ መምህር ጊታር ተማርሁ። ዜማዬን ከማዶ አስመለስሁ። ጋሽ ተካን የሚያህል ጠንካራ ሰው ሐሳብ አስቀየርሁ። የውጭ ሙዚቃ ነው ብሎ የተሳሳተ አዲስ አበቤን በገዛ አፉ አስመሰከርሁ። አስራ ሁለተኛውን ቦታ ያዝሁ፣ እስከ ዛሬም አለቀቅሁም። ሁለት ጓደኞቼን ሌባ ብዬ ሳልሰድብ ሌባውን ፈለግሁ፤ ሌባ እንዳልነበረም የደረስሁበት እኔው ራሴ ነኝ።