በዓሣ የተያዘ ቂም

ሰሞኑን ሜፕልዉድ የገበያ አዳራሹ ፓርኪንግ ላይ አንድ ሰው የመኪናውን ኋላ ሲከፍት የረጠበ የላስቲክ ቦቲና የጥሬ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ወዲያው ጋሽ ተክሌ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በምትባል ከተማ ስናድግ ጎረቤታችን ነበሩ። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ብሉሚንግተን ከተማ ሆቴል ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባረጀች ፒካፕ መኪናቸው ከከተማ ወጣ ወዳለ ጅረት ይወስዱኛል። ውሃው ምንጭ ስለሆነ በሐምሌ እንኳ እግር ያደነዝዛል። እዚያ ብሩክ ትራውት የሚባል፣ ጎኑ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ትንሽ የአገሩ ዓሣ ነበር። ይይዙትና "ሂድ ልጄ፣ ቤትህ ግባ" ብለው ይለቁታል።

ያንን ጅረት ያጠፋው የአባቴ ጓደኛ ሙሉጌታ ነው። ስሙን ስጠራ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ትንንሾቹን ማጥመድ ሰለቸውና ከሌላ ወንዝ ብራውን ትራውት የሚባል ትልቅ የውጭ ዓሣ በባልዲ አምጥቶ ለቀቀበት። ይባስ ብሎ እቤታችን ማዕድ ላይ፣ ጋሽ ተክሌ ባሉበት ጉራውን ነፋ።

"ቢግ ፊሽ ይኑር ብዬ እኮ ነው ጋሼ፣ ሁላችንም ኢንጆይ እንድናደርግ!"

ብራውን ጉልበተኛ ዓሣ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ ጥላና ጥልቀት ያለውን ቦታ ሁሉ ያዘ፤ ብሩኮቹን እያባረረ ልጆቻቸውን ዋጠ።

ጋሽ ተክሌ አልተሳደቡም። የያዙትን ብራውን ሁሉ እየጠበሱ ሙሉጌታ ወዳለበት ይዘው ይመጡ ጀመር። በእንጀራ ይጠቀልሉና፣ አጥንቱን ሆን ብለው ይተዉና፣ ጉርሻ! የሽማግሌ ጉርሻ ደግሞ አይመለስም። ሙሉጌታ ማጥመድ እንጂ ዓሣ መብላት አይወድም፤ ያንቀዋል፣ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

"አንድ ጉርሻ ያጣላል" ይሉና ሁለተኛውን ያስከትላሉ። ከማዶ ሆኜ ሳይ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ጋሽ ተክሌ ካረፉ ቆዩ። ብሩኮቹንም አላተረፏቸውም። ባለፈው ሳምንት ልጄን ይዤ እዚያ ጅረት ወረድኩ፤ የያዝነው ሁሉ ብራውን ሆነ። አንዱን ድንጋይ ላይ አስተኝቼ ልመታው ስል ልጄ እጄን ያዘችኝ። እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ፣

"ማሚ፣ ምን አጠፋ?" አለችኝ።

"አገሩ አይደለም። ሰው ነው ያመጣው።"

"ያመጧቸው እኮ አያቶቹን ነው። እሱ እዚሁ ነው የተወለደው፣ ልክ እንደኔ።"

እጄ ግን የጋሽ ተክሌን ቂም ወርሷልና አልተመለሰም፤ መታሁት።

ልጄ መንጠቆዋን ድንጋዩ ላይ ጥላ ወደ መኪናው ሄደች።