ጫማ ሻጩና የድሮ ሱቁ

አሮጌው የገበያ ማዕከል መኖሪያም ሱቅም ያለበት ሰፈር እንዲሆን እየታደሰ ነው። አንድ ጫማ ሻጭ ግን ሱቁን ካስረከበ በኋላም መምጣቱን አልተወም። የማዕከሉን ወለል የምትጠርገው ሴት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አውርታው አታውቅም፤ የሱሪው መስመር ግን በካውያ ሳይሆን ፍራሽ ሥር አድሮ የወጣ መሆኑን አይታለች።

ዛሬም የድሮ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ግድግዳውን የሚለስነውን ለሳኝ ያያል።

«ጋሼ፣ ጫማ እኮ የለም! እዚህ መኝታ ቤት ነው የሚሆነው» አለው ለሳኙ።

«እንግዲያው አልጋውን በመስኮቱ በኩል እንዳታደርጉት። ጎህ ሲቀድ ፀሐይዋ ዓይን ውስጥ ነው የምትገባው።»

ለሳኙ ሳቀ። ሴትየዋ መጥረጊያዋን ያዝ አደረገች። ሱቆቹ ይከፈቱ የነበረው ረፋድ ላይ ነው። በየማለዳው መታጠቢያ ቤቱን ስትከፍት የሚቀበላት የሳሙና ሽታ ትዝ አላት። ስንቴ «ማነው የቀደመኝ?» ብላለች!

ምን አገባኝ ብላ ልታልፍ ነበር፤ አልሆነላትም። ጠጋ ብላ፣ «አሁንስ የት ነው የሚያድሩት?» አለችው በሹክሹክታ።

ሰውየው ለሳኙ እንዳይሰማ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለዚህ መኝታ ቤት ተከራይ ተገኝቶለታል እንዴ?»